ወደ አንበሳሜ በረረ ስለተባለው ወይፈን

ለክቡር የነፋስና የበረዶ ጉዳት መረጃ ትንተና ክፍል ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ከነኮምፒውተርዎ፣ ከነመብራትዎና ከማያፈሰው ጣሪያዎ ጋር እንደምን ሰነበቱ? እኔ የጋፋቱ ሙላቴ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ የማደርገው ዐቢይ ዜና አለ። ትናንት ከቀትር በኋላ በጋፋት ነፋስ ተነሥቶ አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢዬን መሬት ላይ ጥሎታል። የሞተም የቆሰለም የለም። ክፍልዎ በጋፋት ነፋስ አለመንፈሱን ስላረጋገጠ፣ ድርጊቱን የፈጸመው ማን እንደሆነ እንዲጣራልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

፩ኛ፦ በሚያዝያ አውሎ ነፋስ የጎረቤቴን የብርነሽን ጣሪያ ገንጥሎ በወሰደ ማግስት፣ ባለሙያዎ ይርጋ የነፋሱን ኃይል በስልክ ስለጠየቀኝ አመሰግናለሁ። የአካባቢው የነፋስ ታዛቢ ተብዬ የተመረጥሁት እኔ ነኝና። እኔም ነፋሱ የመንደራችንን ገበሬ የደሳለውን ወይፈን ከጋፋት አንሥቶ የቀን መንገድ ከሚርቀው አንበሳሜ ገበያ መሐል አቆመው፣ ደግነቱ የገበያ ቀን ነበር አልሁት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ሲያወራ ግማሹን ጥሎ ግማሹን መያዝ የሰሚው ድርሻ ነው። ልጁ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ የወይፈኑን ክብደት ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልተው፣ ክቡር ሆይ? የሰባ መሆኑን ጨምሬ ነገርሁት።

፪ኛ፦ ሶፍትዌርዎ ከወይፈኑ ክብደትና ከመንገዱ ርቀት ተነሥቶ የነፋሱን ፍጥነት ማስላቱን ሳስብ አድናቆቴ ወሰን ያጣል። ቢሮ ድረስ መጥቼ ስጠይቅ ይርጋ ግራፉን አሳየኝ፤ የአካባቢያችን አውሎ ነፋሶች ሁሉ እንደ ጫጩት ከታች ተሰብስበዋል፣ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ከላይ ጥግ ይዛ ቆማለች። ጋፋት ናት። እንዲህ ያለ ነፋስ በአሜሪካም ብርቅ እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩም ነጥቧን ከመስመር የወጣች ስላላት እንደተሰረዘች «አባባ» እያለ በአክብሮት አስረዳኝ። የእርዳታ ቆርቆሮ የሚታደለው በግራፉ ላይ ለቀሩት ቀበሌዎች ብቻ ስለሆነ፣ ከነጥቧ ጋር የብርነሽም ጣሪያ ተሰረዘ። እንግዲህ ኮምፒውተርዎ መጀመሪያ ሙሉውን አመነኝ፣ ኋላ ደግሞ ሙሉውን ጣለኝ። በሚመጣው በጀት ግማሹን የሚይዝበት ቁልፍ ቢገዛለት መልካም ነው።

፫ኛውን ልጽፍ ብዬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ተከሳሹ እርስዎ አይደሉማ። ብርነሽ ያን ቆርቆሮ የከደነችው ወጣትነቷን በዓረብ አገር የሰው ቤት ስትጠርግ ጨርሳ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል፤ ከእናቷ ጋር ላስቲክ ወጥራ ከሥሩ ታድራለች። ዝናቡ ሲጀምር ላስቲኩ ሲንጫጫ ከቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። ስለ እሷ ለቢሮ እንድናገር አደራ ያለችው እኔን ነበር፤ እኔ ግን ወይፈን ሳበርር ዋልሁ። ጥፋቴን ነግሬያታለሁ። እሷም ስቃ፣ «እርስዎ መቼም አይተዉም አባባ» ብላ ይቅር ብላኛለች።

ስለዚህ ወይፈኑን ከኮምፒውተርዎ አስወጥተው ነፋሱን እንዲመልሱልን እለምናለሁ። ወይፈኑ የዚያን ዕለት ከወይራ ሥር ተኝቶ ያመሰኳ ነበር፣ ባለቤቱ ደሳለው ምስክሬ ነው። እሱን መጠየቅ ግን ለሶፍትዌር የሚመጥን ሥራ አልነበረም።

የጋፋትን ጭቃ ረግጦ ለማያውቀው ጫማዎ ረዥም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሙላቴ፣ የተሰረዘው ነፋስ ታዛቢ
ጋፋት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቢሮዎ እስከ ጋፋት በእግር ቢመጡ ላብ ሳይነካዎ ይደርሳሉ። ኮምፒውተሩን እዚያው ይተዉት፤ የጣሪያ አለመኖር በዓይን ይታያል። ደግሞም ከወይፈኑ ሌላ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፈጠርሁት አንድ ነገር አለ። ብርነሽ አልሳቀችም። ገና አልነገርኋትም። የደብዳቤውን ግልባጭ የለጠፍሁት ቀበሌው በር ላይ ነው፤ እሷም ዛሬ ሌላ ላስቲክ ልትለምን ወደዚያው ስትመጣ ታነበዋለች።