የጌሾው ገለባ

አዳማ፣ የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፳፩ ዓ.ም.

ውድ ሐዲስ፣

ድሬዳዋ ውርጭ የለም ይላሉና ደኅንነትህን አልጠይቅም። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን አንተ እልሃለሁ። ይህን ስናገር ደብዳቤውን የሚጽፉልኝ አለቃ ገብረወልድ ብዕራቸውን አንሥተው አዩኝ። «ይጻፉ» አልኋቸው፤ ጻፉ።

ሐምሌ ላይ ስልሳውን የጌሾ ችግኝ ከዱከም፣ ከአክስቴ ጓሮ ነቅዬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በባቡር ያመጣሁት እኔ ነኝ። የመሬቱ ጌታ ባላምባራስ «እስከ ፋሲካ ከጸደቀላችሁ ቦታው የእናንተ ነው፤ ካልጸደቀ ትለቃላችሁ» ሲሉን አብረን ሰምተናል። ጥቅምት ሲያልቅ ብርዱ ጠና። ጎረቤታችን ሎሚ ለከብቶቿ ካስቀረችው ከአምናው ገለባ ላይ ቀንሳ ሦስት ሸክም ሰጠችን። እያንዳንዷን ችግኝ እንደ ሕፃን ሸፈንኋት። አክስቴ ታማ ኅዳር አሥር ቀን ወደ ዱከም ስሄድ የነገርሁህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ገለባውን እንዳይነኩት፣ ውርጩ ገና ነው።»

ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ስመለስ ስልሳውም ጠቁሮ ደርቋል። ገለባው የለም። «ሎሚ ናት፤ ለከብቶቿ ቸግሯት መጥታ ገፍፋ ወሰደችው» አልኸኝ። «ይማሉልኝ» ብልህ ሚካኤልን ጠርተህ ማልህልኝ።

እኔም አመንሁህ። የሎሚን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሎች ቤቷ ተቀምጠው ሳለ ደጇ ቆሜ ሌባ አልኋት። ሌላም ብያታለሁ፤ እሱን አለቃ አልጽፍም ብለዋል። እሷ አልጮኸችም። በኦሮምኛ ጠርታ «ያ ዘውድነሽ፣ እኔ የሰጠሁትን አልወስድም። ዋቃ ያውቃል። ባልሽን ጠይቂው» ብላኝ ገባች። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ሁለተኛም አልተመለሱም።

ጥር ላይ ባላምባራስ ቦታውን ወሰዱ። አንተ የባቡር ሥራ አገኘሁ ብለህ ሄድህ፤ እኔ የሰው ጓዳ ተጠጋሁ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ስቀዳ የጣቢያው ዘበኛ ሰንበታ አገኘኝና «ሐዲስ ለኅዳር ሚካኤል ያነደደው ገለባ! ሰፈሩን ሁሉ እኮ ነው ያስነጠሰን» ብሎ ሳቀ። እንስራዬን አስቀምጬ አስደገምሁት። ለካ ሰው ሁሉ የግቢውን ጥራጊ አውጥቶ በሽታ ይውጣ ብሎ ሲያጥን፣ አንተ የችግኞቼን ልብስ ገፍፈህ አንድደኸዋል። ሰንበታ «ችግኙስ?» ቢልህ «ሌላ ገለባ አመጣለሁ» ብለኸው ነበር አሉ። አላመጣህም።

ለምን እንዳነደድኸው አይጠፋኝም። እናትህን የወሰደብህ ያ የኅዳር በሽታ ነው። ቀኑ በደረሰ ቁጥር ያረጀ ነገር ሁሉ በሽታ የተደበቀበት ይመስልሃል። ብትነግረኝ አለቅስ ነበር እንጂ አልጣላህም ነበር። መሬቱ ይሂድ፣ መሬት ነው። የሰው ስም ግን በእኔ አፍ አጠፋህ፤ ይህን አልችለውም።

ከሁሉ የባሰብኝ ደግሞ የላክኸው ወረቀት ነው። «ክርስቲያን ነሽና ሎሚን ይቅር በያት» ትለኛለህ! አለቃ ሲያነቡልኝ ሳቅሁ። እንዲያ ያለ ሳቅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር፤ እሳቸውም ደንግጠው ማንበቡን ተዉት።

ትናንት ድንጋይ ተሸክሜ ሎሚ ደጅ ቆምሁ። ከጧት እስከ ቀትር ቆምሁ። አልወጣችም። በኋላ ልጇን፣ ያችን ሳትዳር የቀረችውን ላከችብኝ። ልጅቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እናቴ፣ ገለባ ፈልጋ ከሆነ ከበረቱ ጎን አለ፣ ትውሰድ ብላለች» አለችኝ። ድንጋዬን እንደ ተሸከምሁ ተመለስሁ።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል። ና። ከባቡር ስትወርድ ግን እኔን ብለህ አትምጣ። ሎሚ ደጅ ሂድ፤ ያደረግኸውን በገዛ አፍህ ተናገር፤ እነዚያ ሽማግሎችም ተጠርተው ይስሙህ። ተናግረህ ስትጨርስ ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው ባቡር አያመልጥህም።

ዘውድነሽ