የጠንቋዩ ጀርባ

አሌክሳንድራ፣ ጆሃንስበርግ
መጋቢት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

የማታናግሪኝ ግን የምትወጂኝ እህቴ፣ እትዬ በለጥሽ፤

መጀመሪያ ቁጭ በይ። ቆመሽ የምትሰሚው ዜና አይደለም። ታናሽ ወንድምሽ ማርቆስ በጥንቆላ ወንጀል ተከሶ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ፣ ጥፋተኛ ሆኖ በመገኘቱ ትናንት እሑድ አመሻሹ ላይ በሕዝብ ፊት ወደ መሰቀያው ተወስዷል። የአገሩ ሰውም በቴሌቪዥን ተከታትሎታል። ለቅሶ መቀመጥ ግን አያስፈልግሽም፤ ሟቹ በአሁኑ ሰዓት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ብስኩት እየበላ፣ ይህን ደብዳቤ እየጻፈልሽ ነው።

ሳቅሽ አይደል? አልሳቅሽም? እሺ።

ዋትሳፕ ላይ ብሎክ ካደረግሽኝ አምስት ወር ሆነ። ለባለሱቁ ለጋሼ ሲላስ ስትደውዪ «ያ ልጅ ደህና ነው?» ትያለሽ አሉ። ስሜ ጠፍቶ «ያ ልጅ» ሆኛለሁ። ዱርንፎንቴን ሰፈር የሚሠራው ሀቢሶ ለእህቱ ሠርግ ወደ ሆሳዕና ስለሚመጣ ይህን በእጁ ሰጠሁት፤ ደብዳቤን ብሎክ ማድረግ አይቻልማ! የፊደል ግድፈት ካገኘሽ ስምንተኛ ክፍልን ውቀሺ፤ እሷ ናት ጥላኝ የሄደችው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ማማ ታንዲ የምትባል ደንበኛ አለችን። በየጠዋቱ ዳቦ ልትገዛ ትመጣለች፤ ሥራዋ የፊልም ሠሪዎችን ልብስ ማጠብ ነው። ጥቅምት ላይ በስፓዛችን፣ በዚህች የሰፈር ሱቃችን፣ ፍርግርግ አሻግራ አየችኝና፣ «ሃይቦ! አንተ ልጅ እንዲህ የከሳኸው ምን ሆነህ ነው? የተራበ የሚመስል ሰው እየፈለጉ ነው፤ ነገ ከእኔ ጋር ና» አለችኝ። ሰው በመልኩ ይመረጣል፣ እኔ በጎድን አጥንቴ። ጋሼ ሲላስም የት እንደምሄድ ሳይጠይቁ «ሂድ ሂድ፤ አንድ ቀን ሱቁም ካንተ ይረፍ» አሉኝ።

ድራማው የፈረንጅ አገር የዛሬ አራት መቶ ዓመት ታሪክ ነው። ያኔ ላም ወተት ስትከለክል፣ ሕፃን ሲታመም፣ ሰፈሩ ይነሣና አንዲት ብቸኛ አሮጊት ይዞ «ጠንቋይ ናት» ብሎ ይከሳታል። እኔ በመርከብ የመጣሁ የአሮጊቷ አሽከር ነኝ። ወንጀሌ? ድመቷን ማብላት። በቃ! እዚያ ዘመን ብትወለጂ አንቺን ስንቴ ይሰቅሉሽ ነበር።

በሩ ላይ አፍንጫችን ውስጥ ያንን እንጨት ከተው ኮሮና እንደሌለብን አረጋገጡ። ከሳሾቹ ሁሉ፣ ዳኛው ሳይቀሩ፣ ማስክ አድርገው ይጠብቃሉ። «አክሽን» ሲባል መቶ ማስክ ባንዴ ኪስ ይገባል፤ «ትሰቀል! ትሰቀል!» ይላሉ። «ካት» ሲባል ማስኩ ይመለስና «ይቅርታ፣ ረገጥኩሽ እንዴ?» ይባባላሉ። ዳኛውማ ፍርዳቸውን እንደ ነጎድጓድ ካወረዱብኝ በኋላ የሻይ ሰልፍ ላይ አስቀደሙኝ።

ልብሱን አለበሱኝ፤ ማዳበሪያ በዪው። እጄን በሰንሰለት አሰሩኝ፤ ላስቲክ ነው፣ ግን ብረት ይመስላል። ያኔ ሰይጣኔ ተነሣ። ፎቶ ተነሣሁና ድምፄን አሳዝኜ፣ «እትዬ፣ ፍርድ ቤት ቀርቤ ተፈርዶብኛል። ከእንግዲህ ላታገኚኝ ትችያለሽ» ብዬ ላኩልሽ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ቀልዴን ነው» ልልሽ ነበር። መማል አይፈቀድልንም እንጂ እምልልሽ ነበር። ግን የቦታው ደንብ ሆኖ ስልካችንን ሰብስበው በፌስታል አሽገው እስከ ማታ ወሰዱት።

ከዚያ የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ። የጸሎት ቡድንሽ ቀኑን ሙሉ ጾመ። ጋሼ ሲላስ ሱቁን ዘግተው፣ ፓስተሩን አስከትለው፣ ሦስት ፖሊስ ጣቢያ ዞሩ። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ልጅ እዚህ አገር ቢታሰር ተረት አይደለም፤ ማመናችሁ አይፈረድበትም። እኔ በዚያ ሰዓት ሁለተኛ ሳህን ፓስታ ላይ ነበርኩ። ይህችን ባልነግርሽ ይሻል ነበር።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። ሕዝቡ ችቦና ዱላ ይዞ እየጮኸ ሲመጣብን እኔ ቆሜ መፍራት ነበረብኝ። «አክሽን» አሉ። እትዬ፣ ሮጥኩ! ከነሰንሰለቴ የምግቡ ድንኳን ገብቼ ጠረጴዛ ሥር ተገኘሁ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እግሬ ግን አልሳቀም፤ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣ አለኝ። ያለፈው ሐምሌ ሰፈሩ ተነሥቶ ሱቃችንን ሲዘርፍ እኔ ከፍሪጁ ጀርባ ተሸጉጬ ነበር። ያን ዕለት ደውለሽ «ምንድነው ይሄ ጩኸት?» ስትዪኝ፣ «ኳስ እያየን ነው፤ ጎል ገባ» ብዬ ሳቅኩልሽ። ጎል አልነበረም።

አሮጊቷን የምትጫወተው ትልቅ ተዋናይት ናት። ከነካባዋ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር መጣችልኝ። ምን ሆነህ ነው አላለችኝም። «ያንን ባለ ችቦ እየው፤ አስተናጋጅ ነው። ዱላ የያዘችው ተማሪ ናት። ያኛው ደግሞ ከቀሚሱ ሥር ስኒከር አድርጓል። ፍርሃት ሲመጣብህ ስኒከሩን እይ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀረጻው ካባዋ ሥር እጄን ያዘችኝ።

ትወናዋን ባየሽው! እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ ከንፈሯ ይርገበገባል። «ልጁ ምንም አላደረገም» ስትል መቶው ከሳሽ ትንፋሹን ይውጣል። እጇ ግን ከታች መዳፌን ይኮረኩራል! ፊቷ ለብቻው፣ እጇ ለብቻው። ዘጠኝ ጊዜ ደገምነው፤ ዘጠኙንም አለቀሰች፣ ዘጠኙንም ኮረኮረችኝ፣ እኔም ዘጠኙንም ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ዳይሬክተሩ ሰለቸውና፣ «አንተ፣ የምትወደውን ሰው አስብ። ዳግመኛ አታየውም» አለኝ። ማንን እንዳሰብኩ አልነግርሽም፤ ትኮሪያለሽ። ብቻ በዐሥረኛው መኮርኮሩን ተወችና እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። «ካት» ሲባል ማስኳን እያጠለቀች፣ «ይሄ ልጅ ተዋናይ ነው» አለች። ትወና እንዳልነበረ ግን ያወቀች ይመስለኛል።

ማታ ስልኬን ሲመልሱልኝ ስድሳ ሦስት ጥሪ አገኘሁ። ደወልኩና «ቀልዴን ነው» አልኩሽ። አንቺም፣ «ከዛሬ ወዲያ ስታለቅስ አላምንህም፤ ስትስቅም አላምንህም» ብለሽ ዘጋሽው። ስታለቅስ ያልሽው አልከበደኝም፤ ስትስቅም ያልሽው ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ይኸው ትናንት ድራማው ታየ። ቤሪያ ሰፈር ጋሼ ሲላስ ቤት ሃያ ሰው ተጠራርቶ መጣ፤ ማማ ታንዲ ከፊት ወንበር ያዘች። ዳኛው አስገመገሙ፤ አሮጊቷ አለቀሰች፤ ሴቶቹ አብረው አለቀሱ። ፓስተሩም ለጠንቋይ እንባቸውን ሲጠርጉ በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ጉንፋን ነው» አሉ። እኔ ልብሴን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። መጣሁ!

በጀርባዬ።

አራት ሰከንድ፣ ማዳበሪያ የለበሰ ጀርባ፤ በቃ። ፊት የለ፣ እንባ የለ፣ ያ የዐሥረኛው ለቅሶዬ የለ። ማማ ታንዲ ብቻ «ማዳበሪያው ንጹሕ ነው፤ እኔ ነኝ ያጠብኩት» ብላ አጨበጨበች። ጋሼ ሲላስ ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «ለዚህ ነው ሦስት ፖሊስ ጣቢያ የዞርኩት?» አሉ። ፓስተሩ ሊያጽናኑኝ፣ «ግድ የለም ልጄ፤ ጀርባህ በደንብ ፈርቷል» አሉኝ።

ጌታ ጉልበትሽን ያበርታው። ላምሽ ወተት አትከልክልሽ፤ ብትከለክልሽም ጎረቤት እንዳትከሺ። ድመትሽንም በእኔ ስም አብያት። ከእንግዲህ ጎል ገባ የምልሽ ጎል ሲገባ ብቻ ነው፤ የሌላውን ጩኸት ስሙን ጠርቼ እነግርሻለሁ። አንቺም ብሎኩን አንሺልኝ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ፣ ይሄ ሁሉ ኩርፊያ ለአራት ሰከንድ ነው። በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽው ልጅ በተራው ጀርባውን አሳየሽ፤ ነገሩ ይህችው ናት፣ ሌላ ምንም የለውም።

ከመሰቀያው የተረፈው ወንድምሽ፣
ያ ልጅ
(ማርቆስ)