ድልድያችንን አፍርሰን ድንጋይ ስለተቀበልንበት ጉዳይ

ለመንገድ፣ ለትራንስፖርትና ለክልሎች ልማት መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎና ቤተሰብዎ፣ ሾፌርዎም ጭምር፣ በፍጹም ጤና እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ መታመም ካልቀረ እንኳ ሐኪም ባለበት የወንዝ ዳር ሆነው እንዲታመሙልን ብዬ ነው። ዮሴፍ ሀብተሥላሴ እባላለሁ፤ ቦንጋ ከተማ አስተምራለሁ፤ የተወለድኩት ግን ከዋጫ ወደ ቢታ ገነት ሲኬድ፣ አምና በክብር ተገኝተው የድልድይ መሠረት ድንጋይ ከጣሉበት ወንዝ ማዶ ነው። ቦታውን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ በዚያው ሳምንት ብዙ ድንጋይ መጣልዎን በሬዲዮ ሰምተናል። የምጽፈው ለምስጋና ስለሆነ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ድንጋዩ እናመሰግናለን። እብነ በረዱ ያምራል፤ ስምዎም ከነማዕረግዎ በወርቃማ ቀለም ተጽፎ እስከ ዛሬ ዝናብ አላስለቀቀውም። አባቴ አቶ ሀብተሥላሴ አፋቸውን የፈቱት በካፊኖኖ ነው፤ አማርኛው ለገበያ ያህል ነው። በዕለቱ የመድረክ መሪው ክቡርነትዎ አሁን ድንጋዩን ይጥላሉ ሲል ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩና፣ ይህን የመሰለ ድንጋይ ከአዲስ አበባ ድረስ አምጥተው ለምን ይጥሉታል፣ ካልፈለጉት ለደጃፋችን ይስጡን አሉኝ። እኔም ስቄ፣ መጣል ማለት እዚህ ላይ መጀመር ማለት ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

ሁለተኛ፣ ከእርስዎ ቀድመው የመጡት የዝግጅት ኮሚቴ ሰዎች የእንጨት ድልድያችንን አይተው፣ ኋላ ቀርነትን ስለሚያሳይ ለካሜራ አይመችም፣ አዲሱም እዚሁ ስለሚሠራ ይነሣ ብለው በጨዋ ደንብ ስላሳሰቡን እናመሰግናለን። ድልድዩ ሁለት ትልልቅ ግንድ፣ በላዩ ርብራብ፣ ማሰሪያውም የጫካ ሐረግ ነበር፤ በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ አገሩ በደቦ ወጥቶ ያድሰዋል። ያፈረሰውም በደቦ ወጥቶ፣ እየዘፈነ ነው። ማንም አላስገደደንም፤ በጋ ስለነበር ወንዙ በእግር ይሻገር ነበር፤ መንግሥትም እሠራለሁ ካለ ቀድሞ ማፍረስ አክብሮት መሰለን። እንጨቱም አልባከነም፤ የእንግዶቹ ምሳ የበሰለው በእሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ከሄዳችሁ በኋላ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ስንጠብቅ ከርመን፣ ሰኔ ሲገባ ግንድ ቆርጠን የቀድሞውን ልንመልስ ብንነሣ፣ ቦታው ለፕሮጀክት የተከለለ ስለሆነ ማንኛውም ሥራ ሕገ ወጥ ግንባታ እንደሚባል ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትዎ አስታውቆናል። ሕግ አክባሪ ስላደረገን እናመሰግናለን። አዲሱ ድልድይስ ብለን ብንጠይቅ በሂደት ላይ ነው ተባልን። ጎርፉም በሂደት ላይ ነበርና እሱ ቀድሞ ደረሰ።

አራተኛውንም በምስጋና ልጀምረው ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ታናሽ እህቴን በዛወርቅን ነሐሴ ላይ ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው ወንዙ ድረስ አመጧት፤ ከዋጫ የተላከው የጤና ጣቢያ መኪናም ከወዲያኛው ዳር መጥቶ ቆመ። ሁለቱም በጊዜው ነው የደረሱት። ነርሷ ከዚያ ወዲያ ሆና እንዲህ ያዟት፣ እንዲህ አድርጉላት እያለች ትጮኻለች፤ ከውሃው ድምፅ የተነሣ የሚሰማት የለም። ዝናብ ስለነበር ቃሬዛውን በእኛው ዳር ከቆመው ድንጋይዎ አጠገብ፣ በፕሮጀክቱ ታፔላ ሥር አሳረፉት፤ ትንሽ የሚያስጠልል ነገር እሱ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ እዚያው አረፈች፤ ልጁም አብሯት። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። እኔ የደረስኩት ለቀብር ነው። በዛወርቅ ሳቂታ ነበረች፣ ክቡር ሆይ፤ ድልድዩ ሲፈርስ ዘፈኑን ስታወጣ የነበረችው እሷ ናት። በጣም ትናፍቀኛለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የአባቴን አማርኛ ማረም ትቻለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም አዲሱ ድልድይ አይደለም። እሱን ለሌላ ለሚገባው ሕዝብ ይስጡልን። ክረምቱ ሳይገባ ያንን የሐረግና የእንጨት ድልድያችንን መልሰን እንድንዘረጋ ቦታውን ይልቀቁልን። ለካሜራ እንደማይመች ተረድተናል፤ ማንም ፎቶ እንዳያነሣው እኛው እንጠብቀዋለን። ድንጋይዎንም አንነካውም፤ ሰው ሲያልፍ እንዳይጋፋው አጥር እንሠራለታለን።

ጎርፍ ካላገደው በቀር የማይቋረጠውን የከበረ ሰላምታዬን በወንዙ ማዶ ነዋሪዎች ስም እያቀረብኩ፣ ለሚቀጥለውም ድንጋይ መልካም ጉዞ እመኝልዎታለሁ።

ከልማትዎ ተጠቃሚዎች አንዱ፣
ዮሴፍ ሀብተሥላሴ
ቦንጋ፣ ሚያዝያ 2002 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የወንድሜ ሚስት ትሕትና ነፍሰ ጡር ናት፤ መውለጃዋም ሐምሌ ነው። ግንዱን ቆርጠን ወንዙ ዳር አጋድመነዋል። ለድልድይ ይሁን ለሬሳ ሣጥን፣ የመሥሪያ ቤትዎን ውሳኔ በአክብሮት እንጠብቃለን።