አጥንቴ ለጠዋቱ፣ ኩላሊቴ ለከሰዓቱ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለአጥንትዎም ለኩላሊትዎም ጤና እመኛለሁ፤ ቢቻል ለሁለቱም በአንድ ጊዜ። ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ሆስፒታልዎ ስላደረገልኝ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

፩. የጠዋቱ የአጥንት ሐኪም አጥንቴ መሳሳቱን ነግረውኝ የካልሲየም ክኒን ስላዘዙልኝ አመሰግናለሁ። ከምግብ ጋር ይሁን በባዶ ሆድ ያስረዳኝ ስላልነበረ በባዶ ሆዴ፣ ያውም ውኃ ሳላበዛ፣ ስውጥ ከረምኩ። ከወራት በኋላ ጎኔን ሰቅዞ የሚይዝ ሕመም ጣለኝ፤ የኩላሊት ጠጠር ነበር።

፪. በዚያው ክፍል፣ በዚያው ወንበር ከሰዓት በኋላ የሚቀመጡት የኩላሊት ሐኪም ደግሞ ክኒኑንም ወተቱንም እርግፍ አድርጌ እንድተው አዘዙ። ተውኩ። ዓመት ሳይሞላ ወጥ ቤት ውስጥ አዳልጦኝ በእጄ ብመረኮዝ አንጓዬ ቀጭ አለ። ዕድሜ ልኩን የሰፋሁለትን ቁልፍ ልብ ብሎ አይቶ የማያውቀው ባለቤቴ፣ ቀሚሴን እያዛነፈ መቆለፍ ጀመረ። ለትዳራችን ስላደረጉት አስተዋፅዖ ሁለታችንም እናመሰግናለን።

፫. የተሰበረ እጄን ይዤ ስመለስ የአጥንቱ ሐኪም «እናቴ፣ ክኒኑን ማነው አቁሚ ያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «እዚሁ በእርስዎ ወንበር ላይ የሚቀመጡት» አልኳቸው። ባልደረባቸውን በስም እንጂ በመልክ እንደማያውቋቸው ነገሩኝ። አስተዳደርዎን ላለማስቀየም ብዬ አልጮህኩም፤ የከሰዓቱ ሐኪም እስኪመጡ እዚያው ተቀመጥኩ። ተነሺ ቢሉኝ ወገቤን አመካኘሁ። ዘበኛው ተጠርቶ መጣ፤ የታሰረ እጄን ሲያይ የቱ ጋ እንደሚይዘኝ ግራ ገብቶት ተመለሰ። የጠዋቱ ሐኪም እኔን ሲለምኑ የከሰዓቱ ሐኪም ደርሰው ገቡ።

ተጨባበጡ፤ ሻይ ለማብረድ እንኳ በማይበቃ ጊዜም ተስማሙ። ካልሲየሙን ወተት ሳልፈራ በአብዛኛው ከምግብ እንዳገኝ፣ የጎደለውን ብቻ በክኒን እንድሞላ፣ እሱንም ከማዕድ ጋር እንድወስድ፣ ጨው እንድቀንስ፣ ውኃ እንዳበዛ፣ ሽንቴም እንዲመረመር። እጄን ያሳጣኝ ነገር ይህን ያህል አጭር መሆኑን ሳይ እዚያው አለቀስኩ፤ ስለ ረብሻው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጠጠሩ ወርዷል፤ አዲስም አልታየም። ጣቶቼ ግን እስከ ዛሬ መርፌ አይዙም።

ጠዋትም ከሰዓትም አንድ ሰው ሆና የምትቀርብልዎ፣
ትሑት ታካሚዎ

ማስታወሻ፦ ከዚያን ቀን ወዲህ በሩ ላይ «ከምርመራ በኋላ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉ፣ ለፈጣን ምላሽዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሰኞ ታላቅ እህቴ ትመጣለች፤ የልቧ ሐኪም ጠዋት፣ የጨጓራዋ ከሰዓት ናቸው። ዓይኗ ስለደከመ ማስታወቂያውን የምታነበው አይመስለኝም።