ወረቀት ላይ ስለቀሩት ግድግዳዎች

ለተከበሩ የሕንፃዎች ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ሕንፃችንም ምድር እስካልተነቃነቀች ድረስ ደኅና ነው።

ያ መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ሲሸክፍ፣ ሳሎኔ ድረስ መጥተው «አባቴ፣ ጎረቤቶችዎ እርስዎን ይሰማሉ፤ አትውጡ ይበሉልኝ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። መሐንዲሶችዎ ሕንፃውን ኮምፒውተር ውስጥ ከጎኑ ቀስ እያሉ እየገፉ፣ የቱ ጋ እንደሚሰነጠቅ፣ መቼ እንደሚዘም እንደሚያዩት አስረዱኝ። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ አባቴ ብሎኝ ሳሎኔ የተቀመጠ ባለሥልጣን እርስዎ ብቻ ነዎት። ውጤቱም መጣ፤ ተገፋ፣ ጎበጠ፣ አልወደቀም ተባለ። እኔም በየደጁ ዞሬ አይወድቅም ብዬ ቃሌን ሰጠሁ፤ ሸሽታ የነበረችውን ልጄንም ከነልጆቿ መለስኳት።

ቅሬታዬ ይኸውና፤

፩ኛ፦ የገፋችሁት ሕንፃ የእኛ አይደለም። ምድር ቤቱን የተከራየው ነጋዴ ሶፋዎቹ ከመንገድ እንዲታዩለት የፊቱንና የመሐሉን ግድግዳ አፍርሶ መስታወት ካደረገው ቆይቷል። መሐንዲስዎ ግን የገፋው የጥንቱን ፕላን ነው፤ እዚያ ላይ ግድግዳዎቹ አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

፪ኛ፦ ሳያይ ቀርቶ ቢሆን ይቅር ባልኩት። ሊለካ የመጣ ቀን ግን በዚያው ሱቅ ገብቶ፣ ሶፋው ላይ አረፍ ብሎ፣ ምቾቱን አመስግኖ ነው የወጣው። በኋላ ብጠይቀው ስሌት የሚሠራው በጸደቀ ፕላን እንጂ በሰፈር ወሬ አይደለም አለኝ።

፫ኛ፦ ለእርስዎ አቤት ስል ከመጀመሪያውም ያውቁ እንደነበር፣ ዝም ያሉትም ሕዝብ እንዳይሸበር ብለው እንደሆነ ነገሩኝ። ስለ ግልጽነትዎ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትም አንድ ሕንፃ ሙሉ ሰው ከሚሸበር አንድ ሽማግሌ ቢሸነገል ይሻላል።

ልጄ ይህን ከነገርኳት በኋላ ዛሬ ጠዋት ልጆቿን ይዛ ስትወጣ አልተቆጣችኝም። «አባዬ፣ አንተን ብዬ እኮ ነው የተመለስኩት» ብላኝ ደረጃውን ወረደች።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ሕንፃውን ዛሬ እንደቆመው፣ ያለ ግድግዳው ግፉትና የሆነውን ለሁሉም ንገሩ። እኔ እንደሆንኩ ንቅንቅ አልልም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎም ጽኑ መሠረት እየተመኘሁ፣

አባቴ ያሉኝ፣ የአራተኛ ፎቁ ሽማግሌ

ማሳሰቢያ፦ ከሰዓት በየደጁ ዞሬ አይወድቅም ያልናችሁን የኃላፊውንና የኔን ቃል መልሱልን አልኩ። የእርስዎን የያዘ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ ለካ ሁሉም ያመነው የኔን ኖሯል።