የመብራቱ ውልና በስልክ ያልተነገረው መርዶ

ከድርዬ፣ የሐናን አባት፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ያብራልህ። ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ፣ ሦስተኛውም ደጅ ላይ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ላለቅስብህ አይደለም፤ ደስ ብሎኝ ነው። በደንብ አድምጠኝ፣ ወሬው ብዙ ነው።

መኪና መንዳት ጀመርኩ። አዎ፣ እኔ ዘይነባ! መሪ የያዝሽ ዕለት ጆሃንስበርግ ይለይለታል እያልክ ስትስቅብኝ የኖርክ ሰው፣ አሁን ና እና እየኝ። ያቺን ነጭ ባኪህን፣ የጭነት ፒክአፕህን፣ ሸጥናት። አትቆጣ፤ በመጨረሻማ ከመሀል ከተማ ዕቃ ጭና አይቮሪ ፓርክ ሱቃችን እስክትደርስ ሦስቴ ውሃ ትጠጣ ነበር። በምትኩ ልጅህ ያገለገለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ፈልጋ አገኘችልኝ። ድምፅ የሚባል የላትም። የመጀመሪያ ቀን አልነሳ አለችኝ ብዬ ቁልፉን ስጫን ስጫን፣ ለካ ከተነሳች ቆይታለች። ነዳጅ አታውቅም፤ ቤት ውስጥ እንደ ስልክ ቻርጅ ትደረጋለች።

ችግሩ እዚህ ላይ መጣ። የቤታችን መብራት አንተ እንደተውከው በካርድ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ዋጋው አንድ ነው። መኪናዋ ደግሞ ካርዱን እንደ ቆሎ ትቆረጥመዋለች። ሐናን ሌላ ውል አለ አለችኝ፤ ዋጋው በሰዓት የሚለያይ። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እስከ ንጋት ርካሽ ነው፣ አመሻሹ ላይ ግን እሳት። ነገሩን አየኸው? ሰሁር በርካሽ፣ ኢፍጣር በውድ! ሦስት ቀን ሳሰላስል ቆየሁና ሳምቡሳውን በጋዝ እጠብሳለሁ፣ መኪናዋ እኔ ተኝቼ ትሙላ ብዬ የሰዓቱን ውል መረጥኩ። አንተ ብትኖር አንድ ወር ትከራከረኝ ነበር።

ውሉን ለመቀየር ግን የመብራቱ ባለቤት ራሱ መስማማት አለበት፤ ባለቤቱ ደግሞ አንተ ነህ። ስምህን ወረቀቱ ላይ ትቼው ነበር። ባንተ ስም ደብዳቤ በመጣ ቁጥር፣ አሁንም የሚፈልገው ቢሮ አለ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።

ከመብራት ቢሮ ኖምሳ የምትባል ልጅ ደወለች። ሳውቦና ማማ ብላ በሚጣፍጥ ድምፅ ሰላም አለችኝና ስለ ውሉ ባልሽን ላናግረው አለች። ምን ልበላት? መርዶ በስልክ ይነገራል? መንገድ ሄዷል አልኳት። በሳምንቱ ደግማ ደወለች፤ ትንሽ አሞታል አልኳት። እኛ ዘንድ ሰው የሚዘጋጀው እንዲህ ቀስ እየተባለ አይደል? በሦስተኛው ጊዜ ገና ስልኩን ሳነሳ፣ እንዴት ሆነልሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ስጸልይለት ሰነበትኩ አትለኝም! አጠገቤ የነበረችው ሐናን ራሷን ያዘች። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ይበቃል፣ ስልኩን ስጪኝ አለች። ከለከልኳት።

ዮቪል ሰፈር ስንኖር ያየነው ያ ጠዋት ነው ትዝ ያለኝ። እናትህ ያረፉ ጊዜ፣ ሱቅ ልትሄድ ጫማህን ስታስር ሰባት ሰዎች በር አንኳኩ። ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ አውልቀው ሲገቡ፣ ሳይናገሩ ገባህ። የሱቅ ጎረቤትህ ሐጂ ሙዘሚል ትከሻህን ይዘውህ ነበር። ሱቅ ውስጥ በስልክ ሰምቼው ቢሆን የዱቄቱ ከረጢት ላይ ወድቄ እቀር ነበር አልከኝ በኋላ። ሰው መርዶ ብቻውን አይስማ ማለት ያመጣኸው ከዚያ ወዲህ ነው። ታዲያ የሰው ልጅ ሥራዋ ላይ ተቀምጣ እንዴት በስልክ ላርዳት?

እውነቱን ልንገርህ፣ እሷን ሰበብ አደረግኩ እንጂ የፈራሁት እኔው ነኝ። ሞቷል ብዬ በአፌ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር የሚናገርልኝ።

ስለዚህ በወጉ አደረግነው። ሰኞ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ሐጂ ሙዘሚል ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት፣ እኔና ሐናን ከኋላ ገባን። ኖምሳን ቁጭ በይ፣ ባልደረባዋንም ቀረብ በይ አልናቸው። ዘበኛው ግራ ገብቶት ጠጋ አለ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከአባታችን ከአደም ጀመሩ፤ ሐናን ሳቋን እየዋጠች ትተረጉማለች። አንተ ጋ ሲደርሱ ግን ወደ እኔ ዞሩ። ባሌ ሞቷል፣ ሁለት ዓመት አልፎታል አልኩ። በራሴ አፍ። ኖምሳ ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጥታ አቀፈችኝ። በእኛም ቤት ሰው ይላካል እንጂ በስልክ አይነገርም አለችኝ። አለቀስን፤ ደግሞ የጸሎቷ ነገር ትዝ ሲለን ሳቅን። ከዚያ ቅጹን አመጣችልኝ፤ ስምህን በእጄ ጽፌ ከሥሩ የራሴን ጻፍኩ።

ትናንት ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማማ ተቀምጠሻል፣ አጠገብሽ ሰው አለ አለችኝ። መርዶ መሰለኝ። ሐናን ሥራ ናት፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ብቻዬን ነኝ፣ ግን ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ አልኳት። ውሉ ጸድቋል፣ በስምሽ ሆኗል፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪናሽን በርካሹ ሰዓት ሙይ ብላ ሳቀች። ወጋችንን ተምራ ለምሥራች አዋለችው፣ ይቺ ተንኮለኛ!

ስልኩን ዘግቼ እልል አልኩ። ከዚያ ላንተ ልነግርህ ወደ ሳሎኑ ዞርኩ፣ አፌንም ከፍቼ ነበር። ከድርዬ፣ መርዶ ብቻን አይሰማም ብለህ አስተማርከኝ፤ የምሥራች ብቻን መስማት እንደሚከብድ ግን አልነገርከኝም። ለዚህ ነው የጻፍኩልህ። ስምህ ከመብራቱ ወረቀት ቢወጣም ከዱዓዬ አይወጣም። ደስ የሚል ወሬ ወደዚህ ቤት በመጣ ቁጥርም፣ ከሐናን እንኳ ቀድሜ ላንተ ነው የምነግርህ።

ባለቤትህ ዘይነባ