ለካሜራ መራጭ ኮሚቴው ሰብሳቢ፦ ስለ እናቴ ሳቅ

ለተከበሩ የመንገድ ጥገና መሥሪያ ቤት የካሜራ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም በረጅም ስብሰባ ለደከመው ወገብዎና የካሜራ ጥቃቅን ቁልፎች ሲመረምሩ ለከረሙት ዓይኖችዎ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ጉድጓድ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እኔን ባያውቁኝ አይፈረድብዎትም፤ እናቴን ግን ያውቋታል። ስብሰባ በተቀመጣችሁ ቁጥር ትሪዋን ይዛ የምትገባው፣ እናንተም “እማማ ሻይ” እያላችሁ የምትጠሯት እሷ ናት።

እንደተረዳሁት፣ ለመንገድ ተቆጣጣሪዎች ኪስ የምትገባ፣ የፈረሰ መንገድ ባዩ ቁጥር አውጥተው የሚያነሱባት አንዲት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ እንድትመርጡ አደራ ተሰጥቷችሁ ነበር። አደራውን እንዴት እንደተወጣችሁት ያየ ዜጋ ዝም ቢል ነውር ስለሚሆንበት፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ካሜራዋ ሩቁን አቅርባ የምታሳይ እንድትሆን አጥብቀው በመከራከርዎ ባለውለታዎ ነኝ። ተቆጣጣሪው ከመኪናው ሳይወርድ፣ መስኮቱን እንኳ እስከ ታች ሳያወርድ ጉድጓዱን ማንሳት መቻል አለበት ማለትዎ ለባልደረቦችዎ ጫማ ያለዎትን አሳቢነት ያሳያል። ክርክሩ ሲጀመር ከሱቄ ደጃፍ ያለው ጉድጓድ አንድ እግር ያስገባ ነበር፤ ክርክሩ ሲያልቅ የታክሲ ጎማ ውጦ አላየሁም ይል ጀመር። አሁን ያለ ምንም ማጉያ ከሩቅ ይታያል።

ሁለተኛ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው “ትንሽ ዕቃ ትጠፋለች” ብለው ሲሰጉ፣ ካሜራዋ ከጣውላ ጋር በሰንሰለት እንድትታሰር በሙሉ ድምፅ መወሰናችሁን ሰምቻለሁ። ጣውላው የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ዓይነት ነው ይባላል። ኪስ እንድትገባ የተመረጠች ካሜራ ስለዚህ በሁለት እጅ ትያዛለች ማለት ነው። ደግነቱ ከተቆለፈባት ካዝና ስለማትወጣ የሚይዛት የለም።

ሦስተኛ፣ ፊት የምታለሰልስ ካሜራ በመምረጣችሁ አርቆ አሳቢነታችሁን አደንቃለሁ። ሂሳብ ሹሙ የእናቴ የተሸበሸበ ግንባር በስክሪኗ ላይ ልሙጥ ሆኖ ሲያዩት በደስታ ጠረጴዛ መቱ አሉ። ደስታቸው ይገባኛል፤ የሰው ግንባር እንዲህ ካስተካከለች መንገዱንም ማስተካከሏ አይቀርምና፣ ከእንግዲህ አስፋልት የሚባል ወጪ ቀረላቸው።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ቁጥሩን ትቼ ትንሽ እንዳወራ ይፍቀዱልኝ። ለሙከራ የሚሆን ፊት ሲያስፈልጋችሁ፣ ለናንተ መቆሙ ክብር የሚነካ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ትሪዋን አስቀምጣ እንድትቆም የተደረገችው እናቴ ናት። እናቴ የፊት ጥርሶቿ ከወለቁ ወዲህ ካሜራ ስታይ አፏን በመዳፏ ትሸፍን ነበር፤ በሠርጌ ፎቶ ላይ ያለችኝ እናት ሁለት ዓይንና አንድ እጅ ናት። ያቺ ካሜራችሁ ደግሞ ሰው ሲስቅ ካላየች አላነሳም የምትል ዓይነት ሆነች። ታዲያ እርስዎ እናቴን ለማሳቅ ጉንጭዎን ነፍተው ዓይንዎን አጉረጠረጡ። እጇ ከአፏ ወረደ፤ ካሜራዋም ቀጭ አለች። እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ “ልጄ፣ ዛሬ እኮ አፌን ሳልሸፍን ሳቅሁላቸው! ደግሞ ያምራሉ አሉኝ!” ብላ ነገረችኝ። ለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሽሙጥ የሌለበት ምስጋና ይህ ብቻ ስለሆነ ተጠንቅቀው ይያዙት።

አራተኛ፣ እናቴ ያን ፎቶ አሳትሙልኝ ብላ ስትለምናችሁ “ቃለ ጉባኤው ሲጸድቅ” አላችኋት። ቃለ ጉባኤው ጸደቀ፤ አዲስ ንብረት ካዝና የሚገባው ንጹሕ ሆኖ ነው ተባለና በካርዱ ላይ ያለው ሁሉ ተደመሰሰ። እሷ እንኳ አልተቀየመችም፤ “ሥራ በዝቶባቸው ነው” ብላ ተከራከረችላችሁ። እኔ ግን እንደ እናቴ ደግ አይደለሁም።

እናቴ ባለፈው ወር ሳምባዋን ታማ ጥቂት ተኝታ አረፈች። በፍሬም የማስቀምጠው ፎቶ ፍለጋ ቤቱን ገለበጥሁት፤ ያገኘሁት ያንኑ እጅ ነው። መሥሪያ ቤታችሁ መጥቼ ስጠይቅ፣ የተደመሰሰ ፎቶ መመለስ ይቻል እንደሆነ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ሊቋቋም እንደሚችል ጸሐፊዎ በትሕትና ገልጻልኛለች። ክቡር ሆይ፣ እኔ የምፈልገው እናቴን ስትስቅ ማየት ነው። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ካሜራችሁን ከሌባ፣ ከአቧራና ከሥራ ይጠብቅላችሁ እያልሁ፣ ወንበርዎ እንደተመቸዎት እንዲቆይ፣ ሻይዎም ማንም ያቅርበው ማን ሳይቀዘቅዝ እንዲደርስዎ ከልብ የምመኝ፣

ከጉድጓዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የእማማ ሻይ ልጅ

ግልባጭ፦
ለመሥሪያ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ
ለጉድጓዱ

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ጨርሼ ግልባጩን በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ልለጥፍ ስመጣ፣ ካሜራዋ የተመረቀች ዕለት ተነስታችሁ፣ ካርዱ ሳይደመሰስ አሳትማችሁ የለጠፋችሁትን ፎቶ አየሁት። ካሜራዋን ከነጣውላዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ በራሷ እንድታነሳችሁ በረድፍ ቆማችኋል። እንደ አጥር እንጨት ተገትራችሁ አንዳችሁም አልስቅ ስትሉ፣ እሷም የሚስቅ ካላየሁ ብላ እንዳስቆመቻችሁ እናቴ ያኔውኑ ነግራኝ ነበር። በመጨረሻ ማንን አይታ እንዳነሳች ግን እናቴም አላወቀችም፤ እናንተም የመረመራችሁ አይመስለኝም። ከጀርባችሁ በተከፈተው በር ላይ ትሪ የያዘች ሴት ቆማለች። ሁለቱም እጆቿ ትሪው ላይ ስለሆኑ አፏን የምትሸፍንበት እጅ የላትም፤ በእናንተ ከት ብላ እየሳቀች ነው። ካሜራዋ ግንባሯን አለስልሳዋለች፤ ይሁን። የሥራ መቀሴ በቦርሳዬ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝና መቁረጥ አውቃለሁ፤ ከኮሚቴው የአንድም ሰው ጆሮ አልነካሁም። የቀረው ቀዳዳ እንዳያስከፋዎት ብዬ ይህን ደብዳቤ ከላዩ ለጥፌበታለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ ታሪክ በተከፈተበት ዕለት የተደፈነ የመጀመሪያው ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም።